ጀማ ሲጎድል ዓሣው የት ይሄዳል?

የጀማን ወንዝ በነሐሴ ያየ ሰው በሚያዝያ ቢያየው አያውቀውም። ያ ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ ድፍርስ ውሃ፣ በሰፊ ጠጠር መሃል የምትሄድ ቀጭን ጅረት ሆኖ ይቆያል። ብዙ ሰው ይሄኔ መንጠቆውን ይሰቅላል። እኔ የመርሃቤቴ ልጅ ነኝ፤ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወንዙን ከሚሻገርበት ላይና ታች ስል ነው ያደግኩት። በበጋም አጠምዳለሁ።

ዓሣ እንደማጠምድ የሰማ ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነው፦ «ጥልቁ ጋ ጣለው!» በሞቃት ውሃ ይህ ምክር ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7.5 ይወርዳል። ከፍታ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ያንሳል። በስኮትላንድ ሳልሞን የሚያጠምዱ ብዙ ሰዎች ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ማጥመድ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ሳልሞን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ የእኛ ነጭ ዓሣ (ባርበስ የምንለው) ሙቀቱን ከእሱ በተሻለ ይችላል። ቢሆንም መተንፈስ አለበት።

ስለዚህ መጀመሪያ በጆሮ ፈልጉ። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንኮሻኮሸ ወደ ኩሬ የሚገባበትን ቦታ አግኙ። አረፋ የሚሠራው ውሃ አየር እየቀላቀለ ነው። ነጭ ዓሣ እዚያ የኩሬው ራስ ላይ፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆማል። መሃሉ ጥልቅ ሆኖ አረንጓዴ ከለበሰ እለፉት፤ በተለይ ማለዳ። አረንጓዴው አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም ራሱ ይተነፍሳል፤ ሲነጋ ኩሬው ከኦክስጅን ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ማለዳ ጥሩ ሰዓት ነው የሚባለው ለወራጁ ውሃ ነው፤ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረው እሱ ነው።

ነጭ ዓሣ አፉን ከውሃው በላይ ከፍቶ ሲንሳፈፍ ካያችሁ፣ አየር አጥሮታል። አይበላም። ተዉት። አምባዛ ሌላ ነው። ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ብቅ ይልና ወዲያው ይሰምጣል፤ ይሄ ደህና ነው ማለት ነው። እሱን በሞቀው ኩሬ ውስጥ ማታ፣ የዶሮ አንጀት ከታች አስቀምጣችሁ ጠብቁት። በወባ ትንኝ መበላታችሁ ግን አይቀርም፤ ቆላ ነው።

ውሃው ሲጠራ እናንተ ዓሣውን እንደምታዩት እሱም ያያችኋል። ከታች ወደ ላይ፣ ከጀርባው ቅረቡ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጉ። ቁጭ በሉ። የጠዋቱን ብርድ ሰበብ አድርጎ ነጭ ጋቢ ለብሶ ዳር ላይ የሚቆም ሰው አለ፤ ከእሱ ጋር አልሄድም።

ዕቃውም ይቅጠን። ለሙላት የያዛችሁትን ወፍራም ናይለን አስቀምጡና 0.20 ሚሊሜትር ገደማ ያለውን አውጡ። ማክበጃውን እርሳስ ቀንሱ፤ ተንሳፋፊው ቡሽም ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ብቻውን ኩሬውን ሊያስደነግጥ ይችላል። ትንሽ መንጠቆ፣ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ላዩ ላይ አንድ የምድር ትል ወይም ፌንጣ። ፌንጣውን ከኩሬው በላይ ወራጁ ላይ ጥላችሁ ውሃው ራሱ ይውሰደው፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። ጠንከር ብሎ የተቦካ የስንዴ ሊጥም ይሠራል፣ ግን ትናንሾቹ ቶሎ ይጨርሱታል።

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ የሚበትን ሰው አሁንም አለ። ውሃው በጎደለ ጊዜ ዓሣው ሁሉ በጥቂት ኩሬዎች ተጠራቅሟል። ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወጥቶ የሚራባው ይኸው ነው። አንዱን ኩሬ መመረዝ የመንደሩን የከርሞ ዓሣ መጨረስ ነው። በመንጠቆም ቢሆን ለእራት የሚበቃውን ይዤ እወጣለሁ። ትንሹን ስትለቁት እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፤ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ራሱ እስኪሄድ ጠብቁት።

የበልግ ዝናብ ደጋው ላይ ሲጥል እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠል ማውረድ ከጀመረ ዘንጉን ጥላችሁም ቢሆን ውጡ። የት መግባት እንደሚቻል፣ የት አዞ እንደታየ ደግሞ እዚያው ከብት የሚያጠጡትን ጠይቁ።

ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ። የምትበሉ ከሆነ ግን ዓሣውን በያዛችሁበት ሆዱን አውጡ፤ በዚያ ሙቀት እስከ ቤት አይጠብቅም። በውሃ በተነከረ ጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ስር አስቀምጡት፤ ጆንያው በደረቀ ቁጥር አርጥቡት። ዳገቱን ፀሐይ ሳይበረታ ጀምሩት።