የዝርዝር ገጾችን ማካፈያ ኮድ አንዴ ጽፎ በሁሉም ቦታ መጠቀም

ሐዋሳ ውስጥ የሚከራዩ ቤቶችን የሚያሳይ ድረ ገጽ አለ እንበል፤ 437 ቤት ተመዝግቦበታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መላክ በስልክ ለሚያየው ሰው ዳታ መጨረስ ነው፤ በአንድ ገጽ 20 ቤት ይበቃል። ዝርዝሩን በገጽ የመከፋፈሉ ሒሳብ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ለቤቶቹ የጻፉትን ገልብጠው ለአከራዮች፣ ከዚያም ለክፍያዎች ይለጥፉታል። አንዱ ጋ የታረመ ስህተት ሌላው ጋ ሳይነካ ይቀራል። ሒሳቡን አንድ ፈንክሽን (በስሙ ከየትም የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ አስገቡት።

ፈንክሽኑ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ)፣ የገጽ ቁጥርና የገጽ መጠን (በአንድ ገጽ የሚታየው ብዛት) ይቀበላል። ኩዌሪው ተጣርቶ ያለቀ፣ ግን ገና ወደ ዳታቤዙ ያልተላከ ይሁን። የተጫነ ዝርዝር ከሰጣችሁት 437ቱም ተነበዋል፤ የቀረው ድካም ከንቱ ነው።

የገጽ ቁጥሩ ከዩአርኤል ስለሚመጣ ማንም −4 ወይም «አበበ» ሊጽፍበት ይችላል፤ ቁጥር ካልሆነ ወይም ከ1 ካነሰ 1 አድርጉት። መጠኑንም 100 ላይ ገድቡት፤ አለዚያ አንድ ሰው ሚሊዮን ብሎ ሰርቨሩን ያንበረክከዋል።

ቀጥሎ ጠቅላላውን ቁጠሩ፦

ጠቅላላ ገጽ = (ጠቅላላ + መጠን − 1) ÷ መጠን፣ ክፍልፋዩ ተጥሎ

(437 + 19) ÷ 20 = 22 ገጽ፤ የመጨረሻው ላይ 17 ቤት። የተጠየቀው ገጽ ከ22 ከበለጠ ወደ 22 መልሱት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዝላዩን፣ ማለትም ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚታለፉትን መዝገቦች ብዛት፣ አስሉ፦

ዝላይ = (ገጽ − 1) × መጠን

ገጽ 3 ላይ 40 ተዘሎ ከ41 እስከ 60 ይመጣል። ምንም ቤት ካልተገኘ ግን የመጨረሻው ገጽ 0፣ ዝላዩም −20 ይሆናል፤ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የተባሉት ዳታቤዞች ሁለቱም ይህን አይቀበሉም። ስለዚህ ጠቅላላ ገጽ ከ1 አይነስ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ዝርዝሩ በኪራይ ዋጋ ብቻ ከተደረደረና 30 ቤቶች 8,000 ብር ከሆኑ፣ እኩል የሆኑት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ዋስትና የለም። አንዱ ቤት ገጽ 2ም 3ም ላይ ይታያል፣ ሌላው የትም አይገኝም። ስለዚህ በድርድሩ መጨረሻ፣ ከዋጋው ቀጥሎ፣ የማይደገመውን የቤቱን መለያ ቁጥር መደርደሪያ አድርጋችሁ ጨምሩ። ለሙከራ በገቡ አሥር መዝገቦች ላይ ይህ ስህተት አይታይም፤ ተጠቃሚ ሲያማርር ነው የሚታወቀው።

የእኛ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «ሃዋሳ» ብሎ ይመዘግባል። ፊደሉን ወደ አንድ የሚያመጣው ማጣሪያ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ገብቶ ቆጠራው ላይ ከተረሳ፣ «12 ቤት ተገኘ» ተብሎ 31 ይታያል። ቆጠራውም ዝርዝሩም ከዚያው ከአንዱ ኩዌሪ ይውጡ።

ፈንክሽኑ የሚመልሰው መዝገቦቹን፣ የአሁኑን ገጽ፣ ጠቅላላ ገጹንና ጠቅላላ ብዛቱን ነው። ከዝርዝሩ ሥር የሚታዩትን የገጽ ቁጥር ቁልፎች የሚያወጣው ቴምፕሌት (የገጹ ቅርጽ የተጻፈበት ፋይል) ከእነዚህና ከአሁኑ ዩአርኤል ሌላ ነገር አያስፈልገውም። መጀመሪያውን፣ መጨረሻውንና ከአሁኑ ግራ ቀኝ ሁለት ሁለት ብቻ ያሳይ፤ 22 ቁልፍ የስልክ ስክሪን አይችለውም። እያንዳንዱ ሊንክ ፊልተሩን (ተጠቃሚው የመረጠውን ማጣሪያ) ይዞ ይሂድ። ፊልተሩ ሲቀየር ግን ገጹ ወደ 1 ይመለስ፦ ገጽ 7 ላይ ሆኖ ታቦር ክፍለ ከተማን የመረጠ ሰው ዝርዝሩን ከመሃል መጀመር የለበትም።

ክፍያዎች መቶ ሺዎች ሲደርሱ ዝላዩ ራሱ ይከብዳል፤ ዳታቤዙ የሚዘለውን ሁሉ ቆጥሮ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ ክፍያዎቹን ከትልቁ መለያ ቁጥር ወደ ትንሹ ደርድራችሁ «መለያ ቁጥሩ ከመጨረሻው ከታየው የሚያንስ፣ 20» ብላችሁ ጠይቁ። በቀጥታ ገጽ 15 መሄድ ይቀራል፤ ለክፍያ መዝገብ ያን ያህል አይጎዳም።

በ0፣ በ1፣ በ20 እና በ21 መዝገብ ሞክሩት። በ20ው ሁለት ገጽ ካሳያችሁ፣ ቀመሩ ውስጥ ከመጠኑ 1 መቀነስ ረስታችኋል።