አመድ የለበሰውን ፍም ማየት፦ የዌብ ቴሌስኮፕን ምስሎች ከደብረ ብርሃን ሆኖ ማንበብ

ልጅ ሆኜ መንዝ አያቴ ቤት ማታ ማታ እሳት ሲዳፈን አይ ነበር። ፍሙ አመድ ይለብሳል። ለዓይን ግራጫ አመድ ብቻ ነው። መዳፍ ጠጋ ሲል ግን ሙቀቱ ይሰማል። ጠዋት አያቴ አመዱን ገለጥ አድርጋ፣ ኩበት ጨምራ እፍ ስትልበት ይቀጣጠላል። ዛሬ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ሳስተምር ስለ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን ስለማያየው ከቀይ የረዘመ ብርሃን፣ ትምህርቱን የምጀምረው ሁሌም ከዚያ ምድጃ ነው። ኮከቦች የሚወለዱት በአቧራ ደመና ተሸፍነው ነው። አቧራው የወጣቶቹን ኮከቦች ብርሃን ይውጥና መልሶ በኢንፍራሬድ ይለቀዋል። በተራ ብርሃን ብቻ ያየ ሰው እሳቱ የጠፋ ይመስለዋል።

በኢንፍራሬድ ለማየት ሌላም ምክንያት አለ። ህዋ ስለሚሰፋ ከሩቅ የተነሳ ብርሃን በመንገዱ ይለጠጣል። የመለጠጡ መጠን ሬድሺፍት ይባላል፤ ብርሃኑ ከራቀና ቀድሞ ከተነሳ ቁጥሩ ይበልጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሬድሺፍቱ ላይ 1 ደምሩና በመነሻው የሞገድ ርዝመት አባዙት። የሃይድሮጂን ቀይ መስመር፣ ማለትም ጋዙ የሚያበራበት አንድ ቀለም፣ 0.656 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። ሬድሺፍቱ 6 ከሆነ ብርሃኑ እኛ ዘንድ የሚደርሰው 4.59 ማይክሮን ሆኖ ነው። ዓይናችን 0.7 አካባቢ ላይ ያበቃል።

ይህን ከምድር ማየት ከባድ ነው። የአየሩ የውሃ ተን ብዙውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል፤ አየሩ ራሱም በሙቀቱ ያበራል። ስለዚህ ጄምስ ዌብ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ተነስቶ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ሄደ። መስተዋቱ 6.5 ሜትር ነው፤ ባለ 5 ድርብ ጥላ ከፀሐይ ይከልለዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። የዌብ መረጃ ማስት በሚባለው ማከማቻ በነፃ ይገኛል፤ አንዳንዱ ብቻ መጀመሪያ እስከ 1 ዓመት ለጠየቁት ተመራማሪዎች ይቆያል። ግን ከማውረድ አትጀምሩ። እኔ አንድ ሌሊት ትልቅ ምስል ላውርድ ብዬ የወር የኢንተርኔት ጥቅሌን ጨረስኩ፤ ፋይሉም ሳይሞላ ቀረ። ጄድስ የተባለው የዌብ ጥናት ምስሎቹን እንደ ካርታ በብራውዘር እያጎላችሁ የምታዩበት ገጽ አለው። ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ጋላክሲ ምረጡ። ከዚያ በየማጣሪያው (እያንዳንዱ በቁጥሩ አካባቢ ያለውን ሞገድ ብቻ ያሳልፋል) እዩት፦ 0.9፣ 1.15፣ 1.5፣ 2.0፣ 2.77፣ 3.56፣ 4.44 ማይክሮን። በእያንዳንዱ ያያችሁትን ደብተር ላይ በእርሳስ ሳሉት። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ሲስሉ ነው ልብ የሚሉት። አንዷ በ0.9 ሦስት የተለያዩ ነጥቦች አየችና "ሦስት ጋላክሲዎች ሊጋጩ ነው" አለችኝ። 4.44ን ስትከፍት ሦስቱም በአንድ ሰፊ አካል ውስጥ ሆነው ተገኙ። ነጥቦቹ ወጣት ኮከቦች የበዙባቸው ሠፈሮች ነበሩ። አካሉን የሠሩት አሮጌዎቹ ኮከቦች በረጅሙ ሞገድ ነው ደምቀው የሚታዩት።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። በተለያየ ሬድሺፍት ያሉ ጋላክሲዎችን በአንድ ማጣሪያ አታወዳድሩ። ገብስን በገብስ ነው። የማጣሪያውን ቁጥር ለ1 ሲደመር ሬድሺፍት አካፍሉት። ሬድሺፍት 1 ላይ ያለውን በ2.0 ካያችሁት ብርሃኑ ሲነሳ 1.0 ማይክሮን ነበር። ሬድሺፍት 3 ላይ ላለው 4.44ን ውሰዱ፤ 1.11 ይመጣል። ተቀራረቡ። አሁን የምታዩት የቅርጽ ልዩነት ከማጣሪያው ቁጥር የመጣ አይደለም፤ በአብዛኛው የጋላክሲዎቹ የራሳቸው ነው።

በጣም ሩቆቹን ለመፈለግ የሚጠፋውን ፈልጉ። በመካከል ያለው የሃይድሮጂን ጋዝ ከ0.1216 ማይክሮን በታች የተነሳውን ብርሃን ያስቀረዋል። ሬድሺፍት 10 ላይ ይህ ድንበር 1.34 ላይ ያርፋል። ስለዚህ በ1.15 ፈጽሞ የሌለ፣ በ1.5 እና በ2.0 ብቅ ያለ ነጥብ ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሲርስ-93316 የተባለው ጋላክሲ በመጀመሪያ ሬድሺፍቱ 16 አካባቢ ተብሎ ነበር። ብርሃኑ በስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገዱ ተበትኖ፣ ሲለካ 4.9 ሆነ። አቧራውና ጠንካራ የጋዝ መስመሮቹ ሩቅ አስመስለውት ነው። በቀለም ብቻ የተገመተውን በደብተራችሁ "ግምት"፣ በስፔክትረም የተለካውን "ልክ" ብላችሁ ለዩት። እኔ ሁለቱን በአንድ ዓምድ የጻፈ ተማሪ ሥራውን አልቀበልም።

ልኮቹን በሬድሺፍታቸው ደርድሯቸው። ሬድሺፍት 2 አካባቢ፣ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ጋላክሲዎች ኮከብ በመሥራት እጅግ የበረቱበት ዘመን ነው። በሌላው ጫፍ ጄድስ ያገኘውና ሬድሺፍቱ 14 ያለፈ ጋላክሲ አለ፤ የምናየው ከቢግ ባንግ፣ ከህዋ መጀመሪያ፣ በኋላ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ የነበረውን ነው። በዚያ ዕድሜው ኦክስጅን ተገኝቶበታል። ኦክስጅን የሚሠራው በትላልቅ ኮከቦች ሆድ ነው። እንግዲህ ያኔም ቢሆን ኖረው የሞቱ ኮከቦች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም።

ጄድስ ካያቸው ሁለት የሰማይ ቁራጮች የደቡቡ ከእኛ አገር ጥሩ ከፍታ ላይ ይወጣል። በኅዳር አጋማሽ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደቡብ ዙሩ። ከአድማስ እስከ አናት ካለው ግማሹን አልፎ ትንሽ ከፍ ይላል። ውርጩ ብርቱ ነውና ባና ደርቡ። በባዶ ዓይን ምንም የለም፤ ጨለማ ነው። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ እዚያ አቆማቸዋለሁ፤ ላፕቶፑን የምከፍትላቸው ከዚያ በኋላ ነው።