የጥምቀትን ፊቶች በረጅም ሌንስ ሲያነሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ከቦርሳዬ የማወጣው 70-200 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ነው። ካሜራ መኖሩን ረስቶ እልል የሚል ሰው ፊት የሚገኘው ከራቅ ብሎ ነው። ግን በዚሁ ሌንስ ብዙ መልካም ፎቶ አበላሽቻለሁ፤ ጀማሪዎችም የሚያበላሹት በአብዛኛው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው።

ሹተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መዝጊያ) ማዘግየት። በ200 ሚሊ ሜትር ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ጎልታ ትወጣለች። የቆየው ደንብ የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት አይነስ ይላል፤ በ200 ቢያንስ 1/200 ሰከንድ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ባለው ካሜራ ደግሞ 1/300 አካባቢ ማሰብ ነው። «ማረጋጊያ አለው» ብሎ በ1/80 የሚያነሳ ሰው አለ፤ ማረጋጊያው የአንሺውን እጅ እንጂ የምታጨበጭበውን ሴት እጅ አያቆምም። ለሚዘምርና ለሚያሸበሽብ ሰው ከ1/500 አልወርድም፤ ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እጨምራለሁ።

በነጠላው መታለል። ብዙ ፎቶ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ጠይሙ ፊትም ይጠቁራል። አንድ ዓመት፣ ጠዋት ጸበሉ ከተረጨ በኋላ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ እናት አነሳሁ። ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል፣ ጉንጫቸው ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ቀርታለች። ቤት ገብቼ ስከፍተው ጥለቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ዓይናቸው ጥላ ውስጥ ሰምጧል። በኮምፒውተር ላፈካው ስሞክር ፊታቸው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑን ጉንጭ ላይ በስፖት (አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ በሚለካው ዘዴ) እለካለሁ፤ ጊዜ ከሌለ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን ወደ +1 ከፍ አድርጌ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው) አነሳለሁ። የነጠላው ጫፍ ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፤ ፊቱ ይቅደም።

በቀትር ፀሐይ ሜዳ መሃል ማንሳት። አናት ላይ የወጣች የጥር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መልካም ነው። በመሃል የግድ ከሆነ ድባብ ወይም ጃንጥላ ሥር የቆመ ሰው ይፈለግ፤ ዙሪያው ያለው ነጭ ልብስ ብርሃኑን እየመለሰ ፊቱን ከታች ያለሰልሰዋል። ሰውየውን «ዙርልኝ» ማለት ስለማይቻል የሚዞረው ፎቶ አንሺው ነው።

አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ሁልጊዜ 2.8 ላይ፣ ማለትም በሰፊው ከፍቶ መተው። በ200 ሚሊ ሜትር፣ ከ3 ሜትር ርቀት፣ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ጥርት የሚለው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አፍንጫው ይጠራና ዓይኑ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን ጠበብ የሚያደርገው 4 ወይም 5.6 ይበቃል፤ ፎከሱም ቀረብ ያለው ዓይን ላይ ይሁን።

ዙሙን እስከ መጨረሻው መሳብ። ፊት ብቻ ከሆነ ጥምቀት መሆኑን ማን ያውቃል? ወደ 100 መለስ ሲሉ ጧፉም፣ መቋሚያውም፣ አጠገብ የቆመው ልጅም ይገባሉ።

መደበቅ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ረጅም ሌንስ ሰውን ላለመረበሽ እንጂ ለመሰለል አይደለም። ከዛፍ ጀርባ ሆኖ የሚያነሳ ሰው ሲታይ ሕዝቡ ይሸማቀቃል፣ ፊቱም ይዘጋል። እኔ በግልጽ አንድ ቦታ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ያህል እቆያለሁ፤ ሰው ይለምደኝና ወደ ጸሎቱ፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ካነሳሁ በኋላ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳለሁ። በእጁ «ተው» ካለኝ እዚያው አጠፋለሁ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን ሳልጠይቅ አላስቀረውም። ትልቅ ሰው ከሆኑ ቀርቤ «እናቴ፣ ሳያዩኝ አንስቼዎት ነበር፤ ይዩትና ካልወደዱት ይጥፋ» እላለሁ። ብዙዎቹ ስክሪኑን በነጠላቸው ከልለው አተኩረው ያዩና «ለልጄ በቴሌግራም ላክልኝ» ይላሉ። ቁጥሩን እዚያው እቀበላለሁ፤ ሳላድር ማታውኑ እልካለሁ።