ኤክስተርናል ላይ የተጫነ ሲስተም ሲያስቸግር፦ ከፎርማት በፊት ገመዱን እዩ

ጅማ ውስጥ ላፕቶፑን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እያስነሳ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የውስጥ ዲስኩ ሞቶበት ነው። ሌላው ላፕቶፑን ከእህቱ ጋር ስለሚጋራ የራሱን ሲስተም ለብቻ መያዝ ፈልጎ ነው። አሠራሩ ምንም ነውር የለበትም፤ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ያገለግላል። ሲያስቸግር ግን ሁሉም ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዊንዶውሱን ፎርማት አድርግልኝ»። ደጋግሜ ሠርቼ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። በአብዛኛው ዊንዶውሱ ጤነኛ ነው። የታመመው ገመዱና ኃይሉ ነው።

የቡት ቅደም ተከተል ማስተካከልና ሌላ ፖርት መሞከር ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

እየሠራ ድንገት ቀጥ ይላል

ዎርድ ላይ እየጻፋችሁ ወይም ፒችትሪ ላይ ደረሰኝ እየመዘገባችሁ ስታክ ያደርጋል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፤ የነካችሁት ነገር ግን አይከፈትም። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል ወይም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ሲነሳ አንዳንዴ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል፤ አንዳንዴ የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ ይነግራችኋል። ስታክ ባደረገባት ቅጽበት ጆሯችሁን ሃርድ ዲስኩ ላይ ብታደርጉ «ጠቅ» ይልና ከዜሮ መሽከርከር ሲጀምር ትሰማላችሁ። ኃይል አጥቶ እንደገና ተነሳ ማለት ነው።

ፊልም የምታስቀምጡበት ኤክስተርናል ለግማሽ ሰከንድ ቢቋረጥ ተመልሶ ይያያዛል፤ ማንም ልብ አይለውም። ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ሲቋረጥ ግን ዊንዶውስ የሚያነበው ነገር ያጣል። ዊንዶውስን ከዩኤስቢ እንዲነሳ አድርጎ በሚያዘጋጀው፣ ዊንዶውስ ቱ ጎ በሚባለው መንገድ የተጫነ ከሆነ ስክሪኑን ያቆምና 60 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እዚያው ፖርት ላይ ከተመለሰ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ስታክ ሲያደርግ ማጥፊያውን ተጭናችሁ አትያዙ! ገመዱን እዚያው ቦታ አጥብቁና ታገሱ። ከውስጥ ዲስክ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ሲስተም ግን ቢነሳም እንኳ ይህ ትዕግሥት የለውም።

ዊንዶውስ የገጠመውን ችግር የሚመዘግብበትን ኢቬንት ቪወርን ከፍተው «ምንም የተጻፈ ነገር የለም» የሚሉኝ አሉ። አይጻፍም። ዲስኩ የጠፋበት ሲስተም የት ላይ ይጽፋል? የምታገኙት ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይጠፋ መነሳቱን የሚናገረውን ከርነል ፓወር 41 ብቻ ነው። እሱን ደጋግማችሁ ካያችሁና መብራት ያልጠፋ ከሆነ ወደ ገመዱ ሂዱ።

ለምን እንደሚቋረጥ ልንገራችሁ። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ 3.0 ደግሞ 900። ትንሹ፣ ባለ 2.5 ኢንቹ ሃርድ ዲስክ ከቆመበት ለመነሳት ወደ 1 አምፔር የሚጠጋ ሊፈልግ ይችላል። ገና ከመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ነን ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀጭን ገመድ ይጨመርበታል። 28 ቁጥር ሽቦ ያለው የ1 ሜትር ገመድ 1 አምፔር ሲያልፍበት መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.4 ቮልት ያህል ይበላል። ከ5 ቮልቱ 4.6 ገደማ ብቻ ይደርሳል። ፖርቱ ደክሞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ቀጭን ቱቦ እንደያዘው ውኃ ነው፤ ጋኑ ሞልቶ ሳለ ከቧንቧው የሚወርደው ጠብታ ነው።

የገመዱ ጥራት ነገር በጣም ያናድደኛል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ስላለው ብቻ «3.0 ነው» ተብሎ ይሸጣል። ሳትገዙ በፊት የስልካችሁን መብራት አብሩና ላፕቶፑ ላይ የሚሰካውን አፍ ወደ ውስጥ እዩ። ፊት ለፊት 4 ጠፍጣፋ የብረት ንክኪዎች አሉ። እውነተኛ 3.0 ከሆነ ከነሱ ጀርባ፣ ጠለቅ ብለው 5 ትንንሾች ይታያሉ። አምስቱ ከሌሉ ሰማያዊው ቀለም ብቻ ነው፤ አትግዙት። ከሃርድ ዲስኩ በኩል ያለውን ሰፊና ጠፍጣፋ ጫፍ ደግሞ ሰክታችሁ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ከተወዛወዘ ሲስተም አይሸከምም። ይህ ሶኬት ሲሠራም ደካማ ነው፤ ዲስኩን በገመዱ እየጎተቱ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ ይጨርሱታል።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ለአንድ ቡና ነጋዴ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ይህንኑ ይዛ መጣች። ወቅቱ ቡና የሚገባበት ነበር፤ ሥራው ፋታ አይሰጥም። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ተመላልሳ ፎርማት አስደርጋለች። «ወንድሜ፣ ቫይረስ አለው መሰለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚብስበት» አለችኝ። ዲስኩን ሞከርኩት፣ ጤነኛ ነው። የምትሠራበት ቦታ ድረስ ሄጄ ሳየው ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች በገመዱ ተንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲበዛ መሳቢያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። በተከፈተ ቁጥር ገመዱን ይነካዋል። በ30 ሳንቲሜትር ገመድ ተክቼ ዲስኩን ላፕቶፑ አጠገብ አስተኛሁት፤ ስታክ ማድረጉ ቀረ። የፒችትሪው ዳታ ግን ተበላሽቶ ነበር። ፒችትሪ ፋይሎቹን እንደከፈተ ነው የሚሠራው፤ መሃል ላይ ሲቆረጥ ዝም ብሎ አያልፍም። ያዳናት ፍላሽ ላይ የነበራት ባክአፕ ነው። ኤክስተርናል ላይ ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች፣ ባክአፑን እዚያው ኤክስተርናል ላይ አታስቀምጡ። እባካችሁ!

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ጥፋት ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ላይ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ላፕቶፑ ያለ ቻርጀር አይሠራም፤ መብራት ጭልጭል ባለ ቁጥር ሁሉም ነገር አንዴ ይቆረጣል። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ይቆረጥና ሲስተሙ ሳይነሳ ይቀራል። አንድ የማስተርስ ተማሪ የጥናቱን ጽሑፍ ሊያስረክብ ሲል እንዲህ ሆኖበት መጣ። ጽሑፉን ከዲስኩ ላይ አወጣንለት፤ የመጨረሻዎቹ ማስተካከያዎች ግን ቀሩ። ለኤክስተርናል ብር ከማውጣታችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ካልሆነ ዩፒኤስ ግዙ። ሦስተኛ መንገድ የለም። የክረምት መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት።

ገመዱ ይሁን ዲስኩ የምትለዩበት መንገድ አለ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። 0ሲ የሚለው መስመር ዲስኩ ስንት ጊዜ ኃይል አግኝቶ እንደተነሳ ይቆጥራል። ቁጥሩን ጻፉት። ስሊፕ ሳታስገቡ ሥሩ። በማግስቱ እንደገና እዩት። እናንተ ካበራችሁት በላይ ከጨመረ ኃይል እየተቋረጠ ነው። ስታክ እያደረገ 0ሲ ካልጨመረ ግን ኃይሉ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ዳታ የሚያልፍበት ንክኪ ነው የላላው። ሲ7 ከጨመረ ችግሩ ኬዙ ውስጥ፣ ዲስኩና የኬዙ ቦርድ የሚገናኙበት ላይ ነው። 05 ወይም ሲ5 ከዜሮ በላይ ሆኖ እያደገ ከሄደ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፤ ዳታችሁን ዛሬውኑ አውጡ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በሄክሳዴሲማል፣ ከፊደል ጋር ቀላቅሎ ካሳያችሁ ከሴቲንጉ ወደ ተራ ቁጥር ለውጡት።

መፍትሄው እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አጭርና ወፍራም ገመድ። ከዚያ በቀጥታ የላፕቶፑ ፖርት ላይ መሰካት፤ የራሱ ኃይል በሌለው ሃብ ላይ በፍጹም አይሆንም። ፖርቱ ካነሰው ሁለት አፍ ያለው ገመድ አለ፤ አንዱ አፍ ለኃይል ብቻ ነው። ቀጥሎ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን አጥፉት፤ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ፖርቱን እንዳያስተኛው ነው። የጅማ እርጥበት ንክኪዎችን አረንጓዴ ያለብሳል፤ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ጥረጉ፣ እስኪደርቅ አትሰኩ። ሽቶ የሚነፉበት ሰዎች አይቻለሁ። ተዉ! እነዚህን ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ አስኪዱ። በላላ ገመድ ላይ ቼክዲስክ ማስኬድ ጥገናውን መሃል ላይ ያስቆርጥና ያልተበላሸውንም ያበላሻል። ሲ5 እያደገ ከሆነም መጀመሪያ ዳታ፣ ከዚያ ቼክዲስክ።

ከተበላሸ ላፕቶፕ ወጥቶ ኬዝ ውስጥ የገባ ዲስክ አይነሳም

የዊንዶውሱ አርማ ይመጣና ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል፤ ኮዱ 0ኤክስ7ቢ ነው። ዲስኩ አልተበላሸም። በተራው መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ ከዩኤስቢ ለመነሳት አልተዘጋጀም። የዩኤስቢ ድራይቨሮቹን በሰዓቱ ስለማይጭን የራሱን ዲስክ ያጣል። የዊንዶውስ ኢንስታለርም ዩኤስቢ ዲስክ ላይ አልጭንም ይላል፤ አትታገሉት። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቱ ጎን በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት ጀምሮ አስቀርቶታል፤ ሩፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ዛሬም በዚያው መንገድ ይጭናል። ዳታችሁን አውጡ፣ በሩፈስ እንደ አዲስ ጫኑ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ተጠንቀቁ። ዲስኩን ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን መጠኑን ሁለቴ አንብቡ።

ከተጫነ በኋላ የላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ካልታያችሁ አትደንግጡ። እንዳይነካው ተብሎ ሆን ተብሎ የተዘጋ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ኦንላይን ማድረግ ይቻላል። የውስጡ ዊንዶውስ ሃይበርኔት ላይ ካለ ግን አትክፈቱት።

ሊኑክስ፦ ኤክስተርናሉ ሲነቀል ላፕቶፑ ራሱ አልነሳም ይላል

የኡቡንቱና የሚንት ኢንስታለር ኤክስተርናል ላይ ጫን ብትሉትም ማስነሻውን፣ ግራብ የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ የማስነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት በውስጥ ዲስኩ የኢኤፍአይ ክፍል ላይ ያስቀምጠዋል። ኤክስተርናሉን ስትነቅሉ የግራብ ጥቁር ስክሪን ይቀበላችኋል። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት ደግሞ አይነሳም። ከመጫናችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ንቀሉ ወይም ባዮስ ላይ ዝጉት። ተጭኖ ካለቀ ኤክስተርናሉ ላይ የራሱን የኢኤፍአይ ክፍል ፍጠሩና ግራብን በ«ሪሙቨብል» አማራጭ እንደገና ጫኑ። ያን ጊዜ ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ አነሳስ በሚሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ይነሳል።

አንዱ ላፕቶፕ ላይ ይነሳል፣ ሌላው ላይ አይታይም

አሮጌው ላፕቶፕ የሚነሳው ሌጋሲ በሚባለው በድሮው መንገድ ነው፣ አዲሱ በዩኢኤፍአይ። ለሁለቱም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ስትጭኑ በሩፈስ ሁለቱንም የሚደግፈውን ምረጡ። ይህ ምርጫ ዲስኩን የሚከፋፍለው ኤምቢአር በሚባለው በድሮው መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ2 ቴራባይት በላይ አያዛልቅም።

ይሠራል ግን ይንቀራፈፋል

የሚሽከረከር ዲስክ በ2.0 ፖርት ላይ በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። መፍትሄው ኤስኤስዲና 3.0 ፖርት ነው። ሌላ ማስተካከያ ጊዜ ማባከን ነው።

ፋይል ጽፋችሁ ስትከፍቱት ተበላሽቷል

በርካሽ የተገዛና 16 ቴራባይት የሚል ትንሽ ኤስኤስዲ ከሆነ ውስጡ ሚሞሪ ካርድ ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም እውነተኛውን መጠን ያሳያችኋል። ሲስተም አትጫኑበት፤ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።