ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ ሲበላ ማየት ከፈለጋችሁ አረፋውን ጠብቁ

ወደ አሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ጎራ የምትሉ ከሆነ፣ ከባሕር ዳርቻዋ ወጣ ብሎ ያለውን ስቴልዋገን ባንክ የተባለ የባሕር ክፍል አትለፉት። የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ጀልባዎች ከቦስተን፣ ከግሎስተርና ከፕሮቪንስታውን ይነሣሉ። ወቅቱ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። ሃምፕባኮቹ የብርዱን ወራት ካሪቢያን ውስጥ ብዙም ሳይበሉ ስለሚያሳልፉ፣ ወደዚህ የሚመጡት ሆዳቸውን ሊሞሉ ነው።

ጀልባ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ። ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። ከተማው ቢሞቅም ጃኬት ያዙ።

ብዙ ሰው ጀልባው አፍንጫ ላይ ይጋፋል። እኔ የላይኛውን ፎቅ ነው የምመርጠው። የአረፋው ቅርጽ በደንብ የሚለየው ከላይ ሲያዩት ነዋ! አስጎብኚው «3 ሰዓት ላይ!» ካለ ወደ ቀኝ ዙሩ። የጀልባው ፊት 12፣ ኋላው 6 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሃምፕባኩ ከሥር ሆኖ እየዞረ አየር ይለቃል። አረፋው እንደ አጥር ከቦ፣ ሳንድ ላንስ የሚባሉትን ቀጫጭን ዓሦች መሐል ላይ ያፍናቸዋል። እናንተ ከላይ የምታዩት ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ክብ ነው። ወፎቹም እየጮኹ ወደዚያው ይግተለተላሉ። በዚህ ጊዜ ስልካችሁን አውርዱና ዓይናችሁን ከክቡ መሐል አትንቀሉ። አፉን በልቅጦ የሚወጣው እዚያ ነው። ጉሮሮው ሲነፋ፣ ውሃው ሲንዠቀዠቅ፣ ወፎቹ ከአፉ ዳር ዓሣ ሲነጥቁ ታያላችሁ።

አንዳንዶቹ አረፋውን ከመልቀቃቸው በፊት ውሃውን በጅራታቸው ይመታሉ። ይህ ዘዴ በዚህ አካባቢ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከዚያ አንዱ ከሌላው እየተማረ ተዛመተ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ጧ! የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ተዘጋጁ፤ አረፋው ይከተላል።

ካፒቴኑን «ጠጋ በል» ብላችሁ አትጨቅጭቁት። የአካባቢው መመሪያ ጀልባዎች ከ100 ጫማ፣ ማለትም ከ30 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይቀርቡ ይላል። እየበላ ያለ እንስሳ ደግሞ በየት በኩል ብቅ እንደሚል አይታወቅም።

ፎቶ የምታነሡት ሊጠልቅ ሲል ነው። ጀርባው ጎበጥ ሲል ጅራቱ ይከተላል። በጅራቱ የታችኛው ገጽ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ጥርት ያለ ፎቶ ካገኛችሁ ሃፒዌል የተባለው ድረ ገጽ ላይ ጫኑት፤ ቀድሞ የተመዘገበ ከሆነ የትኛው ሃምፕባክ እንደሆነና ሌላ የት የት እንደታየ ይነግራችኋል።