አረጋውያን እንዳይወድቁ የሚረዳ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ

ዕድሜ ሲገፋ የጭንና የባት ጡንቻ እየሳሳ፣ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። የእግር ጉዞ ለልብ ቢበጅም መውደቅን ለመከላከል ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ ከወንበር መነሣትን ይለማመዱ። ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው ወደ ጠርዙ ቀረብ ብለው ይቀመጡ፤ ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ጥቂት ወደ ኋላ ስበው፣ ደረትዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው በእግርዎ ኃይል ይነሡ። ብዙ ሰው ሲቀመጥ ዘፍ ይላል፤ ጭን ይበልጥ የሚጠነክረው ግን ቀስ ብሎ ሲወርዱ ነው። ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ያቃተው ሰው የወንበሩን ክንድ ይዞ ይጀምር፤ ዱካ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ አይሆንም።

ለሚዛን ደግሞ የማይነቃነቅ ከባድ ጠረጴዛ ይዘው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስነክተው ለ10 ሰከንድ ይቁሙ፤ ከዚያ እግር ይቀያይሩ። ሲለምዱት መደገፊያውን በአንድ ጣት ብቻ ይንኩ፤ ካልከበደ ሚዛን አይሠለጥንም። ነጠላ ጫማ አድርጎ መሥራት ግን አደገኛ ነው።

ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያውኑ ያቁሙ። ከዚህ ቀደም የወደቀ ወይም ሲነሣ የሚያዞረው ሰው፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ አንዳንድ የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒቶች ራሳቸው ለመውደቅ ያጋልጣሉ።