በአሮጌ ፊልም ካሜራ የጎንደርን ሰርግ ለማንሳት

ከሰርጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሙሉ ፊልም አንስታችሁ አሳጥቡ። በጀርባ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ሲያረጅ ብርሃን ያስገባል፤ ፎቶው ላይ ብርቱካናማ ጭረት ካያችሁ ስፖንጁን ሳታስቀይሩ ሙሽሮች ፊት አትቁሙ።

ፊልም ስትጭኑ የላላውን በመጠቅለያው እጀታ ቀስ ብላችሁ አጥብቁና አንድ ጊዜ አሳልፉ። እጀታው አብሮ ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም። ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አያቆምም፤ ቀኑን ሙሉ በባዶው ማንሳት የሚመጣው ከዚህ ነው።

በጥር ፀሐይ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ በአይኤስኦ 400 (የፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅም) ኔጋቲቭ ፊልም ከ1/500 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነትና ከኤፍ 11 የሌንስ ቀዳዳ ጀምሩ። ግንቡ ጥላ ውስጥ 1/250 እና ኤፍ 4 ይበቃል። የካሜራውን ብርሃን መለኪያ እንዳለ አትመኑት፤ የሐበሻ ቀሚሱና የነጠላው ንጣት ያታልለውና ፊት ይጠቁራል። ካመለከተው አንድ እርከን ጨምሩ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ አድርጉ፤ ኔጋቲቭ ፊልም የብርሃን ትርፍ ይችላል፣ ጉድለት ግን ይጎዳዋል።

ተክሊል ላይ ካህናቱን ሳታስፈቅዱ ፍላሽ አታብሩ። ዳስ ውስጥ ግን ያለ ፍላሽ አይሆንም። ብዙ አሮጌ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚሠሩት እስከ 1/60 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከፈጠነ የካሜራው መዝጊያ መጋረጃ የፊልሙን ከፊል ስለሚሸፍን የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ይወጣል። ለእስክስታ የሌንሱን ትኩረት 2 ሜትር፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አስቀምጡና በእግራችሁ ተጠጉ።

ከሁሉ በላይ ጉልበት መሳም አያምልጣችሁ፤ አይደገምም። ከ36ቱ 30 ካለፈ፣ የቀሩትን ሳትሳሱ ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመር ፊልሙን ቀይሩ። ክዳኑን የምትከፍቱት ግን ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ወደ ቆርቆሮው ከመለሳችሁ በኋላ ነው።